የማይገፋው ጡንቻ

እህት ዓለሜ፣

«ሒሳብ ለልብ ምን ይፈይዳል?» ስትይኝ አልነበር? የፈየደውን ስሚ!

በሒሳብ ባለሙያነት በምሠራበት ሆስፒታል፣ በአልትራሳውንድ ክፍል ተጨናንቀን ቆመናል። ደረቱን እያመመው የመጣ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ልቡ ስክሪኑ ላይ ይመታል። ዋናው ሐኪም «ጡንቻው በሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ ጤነኛ ነው፣ ወደ መሪው ይመለስ» አሉ። እኔ ግን ባዘጋጀሁት የሒሳብ ቀመር ጡንቻው ላይ ያሉትን ነጥቦች እየተከተልኩ፣ ልቡ በመታ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠጋጉ ለካሁ። የሚሠራ ጡንቻ ስለሚኮማተር ነጥቦቹ ይቀራረባሉ። በአንድ በኩል ያሉት ግን ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ እንጂ ጭራሽ አይቀራረቡም።

ቀመሩን ባስረዳቸው አልዋጥ አላቸው። ያኔ ያቺ አሮጌ መኪናችሁ በቆመች ቁጥር ስንገፋት ባልሽ የሚያደርገው ትዝ አለኝ።

«ዶክተር፣ እጁን መኪናው ላይ ጣል አድርጎ አብሮ የሚራመድ ሰው አያውቁም? ይሄም ጡንቻ አይገፋም፤ ጎረቤቶቹ ናቸው የሚጎትቱት» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁና የደም ሥሩን አስመረመሩ። ለዚያ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቦ ጠቦ ክር አክሏል! «ልጄ፣ ዓይኔ ሸውዶኝ ነበር» አሉኝ በሰው ሁሉ ፊት። ሹፌሩም ታክሞ ዛሬ ጠዋት «ሾርባው ጨው የለውም» እያለ ነርሷን ሲነዘንዛት ሰማሁት። እኔ በደስታ ጮቤ ረገጥኩ።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ እማማንም ጉልበታቸውን። ለባልሽ በስንፍናው ሰው እንዳዳነ ንገሪው። ግን እንዳይለምድበት!