ጣሪያ ላይ የተጣለው መረብ

ሎሳሊኒዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ የሱቫ ከተማ ሰዎች አውሎ ነፋስ ሲመጣ መስኮታችን ላይ ጣውላ እንመታለን፤ እዚህ ያሳዋ ደሴት ግን የሳር ጣሪያውን በዓሣ መረብ ሸፍነው ነው የሚያስሩት። ያረፍኩበት ቤት ጌታ አፔኒሳ ታዲያ ነፋሱ እየመጣ ነው ሲባል አዲሱን መረቡን ታቅፎ እምቢ አለ። «ከተቀደደ ምን ልንበላ ነው?»

ሚስቱ ቪሊማይና መች ትለቀዋለች! «ቤቱ ሲበር መረብህን ለብሰህ ታድራለህ!» አለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀበት፤ ምን እዋሻለሁ፣ እኔም ሳቅኩ። እያጉረመረመ ሰጠን። ጣሪያው ላይ ዘርግተን ጫፍ ጫፉን አሸዋ ከሞላናቸው ጆንያዎች ጋር አሰርነው።

ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ሲያገሳ ዋለ፤ ጣሪያው ግን ንቅንቅ አላለም። ሲያባራ አፔኒሳ መረቡን ሊያይ ጣሪያው ላይ ወጣ። ሚስቱ «ምነው፣ ተቀደደ?» ብትለው፣ «ኧረ ቅርጫት አቀብዪኝ!» አላት እልሻለሁ። አራት ኮኮናት፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቀሚስና ክው ያለች ዶሮ ከመረቡ ለቅሞ ወረደ። አሁን ደግሞ «መረቡን አውርደው» ብትለው እምቢ ብሏል፤ ሌላ ነፋስ እየጠበቀ ነው!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሁለቱንም ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ናፋቂሽ ቲማሌቲ