በሻደይ ያነሳኋቸው ፎቶዎች

ሰቆጣ፣ ነሐሴ ፳፬ ቀን

እታለሜ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ልጆቹስ? እናታችንንስ ክረምቱ እንዴት አድርጓታል? እናንተ ዘንድ አምደወርቅ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አስቤ ነበር። እኔ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ እህሉም እንቅልፉም እየጣፈጠኝ ደህና ነኝ።

በሻደይ የሆነውን ካልነገርኩሽ አላርፍም። የምሠራበት ፎቶ ቤት ባለቤት ጋሽ ደጅይጥኑ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁን ካሜራ ሰጥተው ብቻዬን ላኩኝ። ልጃገረዶቹ ሲጨፍሩ አንስቼ፣ ከመካከሉ ለመስኮታችን የሚሆን አንድ እንዳመጣ ነው። ሁልጊዜ እንደምንጨቃጨቅ ታውቂያለሽ። እሳቸው «መጀመሪያ ካሜራውን እወቂ፤ ብርሃኑን ለኪ፣ ፍጥነቱን አስተካክዪ» ይላሉ። እኔ ደግሞ «የሚያይ ዓይን ከሌለ ካሜራ ምን ያደርጋል?» እላለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ሳነሳ ዋልኩ። ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ልጃገረዶቹ ሁሉ ደብዝዘዋል! ከኋላ ቆመው ከሚያዩት መካከል አንድ ሰው ብቻ የሸሚዙ ቁልፍ እስኪቆጠር ጥርት ብሏል። ያውም በሠላሳውም ፎቶ ላይ። የፎቶ ቤቱ ጎረቤት ልጅ የሻሽወርቅ «እኔ የታለሁ? የሻደይ ሣር የታጠቀው ይሄ ሰውዬ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። ጋሽ ደጅይጥኑ መነጽራቸውን ጠርገው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቀውም አልኳቸው። ትእዛዙ ይባላል፤ ኒሯቅ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እኔ ግን አላውቀውም አልኩ።

ነገም እንዲህ ከሆነ ካሜራውን እንደምመልስ ነገሩኝ። ፈራሁ። በማግስቱ ያስተማሩኝን አንድም አላጎደልኩም። ደመናው ፀሐይዋን በሸፈናት ቁጥር ብርሃኑን ለካሁ፤ ልጃገረዶቹንም አስቁሜ አሰለፍኩ። ሁሉም ጥርት አለ። ጋሽ ደጅይጥኑ አይተው አይተው፣ «ጥፋት የለበትም፤ ግን ለመታወቂያ የተነሱ ይመስላሉ» አሉኝ። ይህን ከሳቸው አፍ መስማቴ ገርሞኝ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ትእዛዙ ራሱ መጣና ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት ጠየቀኝ። የሻሽወርቅ ነግራው ኖሯል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለተኛ ካሜራዬ ፊት እንዳትቆም ብዬ ተቆጣሁት። «የት ልቁም ታዲያ?» አለኝ። ከኋላዬ አልኩት። ቦርሳዬን ይዞ ከኋላዬ ዋለ።

እታለሜ፣ ያን ዕለት እጄ ሳላዘው ብርሃኑንም ፍጥነቱንም ያስተካክል ነበር፤ ዓይኔ ለልጃገረዶቹ ብቻ ተረፈ። የሻሽወርቅ ዘላ አየር ላይ ሳለች፣ ሻደዩ ወገቧ ላይ ተበትኖ፣ አፏ ለዘፈን እንደተከፈተ ቀረችልኝ። ጋሽ ደጅይጥኑ ያን ፎቶ አሳትመው መስኮቱ ላይ ሰቀሉት፤ ከሥሩም ስሜን በእጃቸው ጻፉ። የሻሽወርቅ በየቀኑ አዲስ ሰው ይዛ እየመጣች ታሳያለች። ክርክራችን ግን አላለቀም፤ ዛሬ ጠዋትም ተጨቃጭቀናል።

አንድ ነገር ለእናታችን አድርሺልኝ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ሦስት አዛውንቶች ከኒሯቅ ወደ ቤታችን ይመጣሉ። መንገዱ ሩቅ ነውና ጠላው ቀደም ብሎ ይጠመቅላቸው። ለምን እንደሚመጡ ብትጠይቅሽ፣ ስለ ከብት ነው በያት። ታውቂያታለሽ፣ አታምንሽም። ግድ የለም።

ኪዳነ ምሕረት ልጆችሽን ታሳድግልሽ፤ ቤታችሁን ሳቅ አይለየው።

ሳቋን መያዝ ያቃታት ታናሽ እህትሽ