ራሱን በራሱ ስለሚያጸዳው ወንፊታችን

ይድረስ ለከተማችን የፍሳሽና ጎርፍ ማስወገጃ ጽሕፈት ቤት፣ ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ምክትልዎ፣ ጸሐፊዎና የቢሮዎ ምንጣፍ ደኅና እንደ ሰነበታችሁ፣ በተለይም እንደ ደረቃችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቦዩ በታች የመጨረሻው ቤት ውስጥ የምኖር ልብስ ሰፊ ስሆን፣ እኛም ደኅና ነን እንዳልል ውሃው አላስቻለኝም።

የጎርፉ ቱቦ ሲሞላ ትርፉን ወደ ወንዙ በሚለቅበት አፍ ላይ፣ ቆሻሻ የሚያስቀርና ብሩሹ እየዞረ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ወንፊት ስላስተከሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሪባኑ ሲቆረጥ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ብሩሹ ሁለት ዝናብ ሠራ፤ በሦስተኛው የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሱሪ ጠቅልሎ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ወንፊቱ በላስቲክና በጨርቅ ይደፈናል፣ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤታችን ይመለሳል። በምድር ቤቷ ክፍል ውስጥ አማቴ ተኝተዋል፤ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ሦስት ዓመታቸው ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቁጥር አቀርባለሁ፦

፩. ሦስት ጊዜ አቤት ብዬ ሦስቱንም ጊዜ ተቆጣጣሪ ልከውልኛል። በዝናብ ወደ ቦይ መቅረብ ለሠራተኛ አደገኛ ነው በሚለው መመሪያችሁ መሠረት፣ ተቆጣጣሪው የሚመጡት ፀሐይ ሲወጣ ነው። ወንፊቱን ጥርት ብሎ ያገኙትና «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈርመው ይሄዳሉ።

፪. ጥርት ያለበትን ምክንያት ልንገርዎት። በያጅ የሆነው ባለቤቴ ረጅም ቧንቧ ላይ የብረት ጥርስ በይዶ መቧጠጫ ሠራ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥርም ውሃው እናቱ አልጋ ሥር ሳይደርስ ሮጦ ይቧጥጥ ነበር። ይህንን ለተቆጣጣሪው ብነግራቸው፣ ቅጹ ላይ ባለቤቴን የሚጽፉበት ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዱኝ። እኛ በለፋን ቁጥር ወንፊታችሁ ይመሰገናል፣ የተመሰገነ ደግሞ አይጠገንም። በገዛ እጃችን ጉድ ሆንን።

፫. ባለፈው ሳምንት ባለቤቴን እዚያው አዳለጠውና ዳሌው ተሰበረ። ለማመልከቻዬ የሰጡኝ መልስ በሁለት ቀን መድረሱ በእውነቱ አስደንቆኛል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ እንዲህ ይላል፦ «ወንፊቱ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ በመሆኑ፣ እርሱን ሲያጸዳ የተጎዳ ሰው ሊኖር አይችልም።»

ደብዳቤውን ለአማቴ አነበብኩላቸው። ሁለቴ አስደገሙኝና «ታዲያ ልጄ የት ሄዶ ነው የተሰበረው?» አሉኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በትሕትና ልጽፍልዎ ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ ግን አንጀቴ አሯል።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሁለት የአልጋ ቁራኞች አሉ፤ የሚያነሣቸው ሰው አንድ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ብሩሹን የሚጠግን ሰው ይላኩልን፤ የምለምነው ይህንኑ ብቻ ነው።

እግሬን ጡብ ላይ፣ ወረቀቴን የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ አድርጌ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ከሚደርስ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣

ከቦዩ በታች ያለችው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ የባለቤቴን መቧጠጫ ቢሮዎ በር ላይ አስደግፌዋለሁ። ይህን ስጽፍ ሰማዩ ጠቁሯልና ቶሎ የሚያነሣው ሰው ይፈልጉለት። በራሱ አይሠራም፤ ሞክረነዋል።