ከምጽዋ የመጣው ውሃ

ለመምህር ሰጠኝ፣

ከምጽዋ አምጥተህ የዓሦችህን የመስተዋት ሣጥን የሞላኸው የባሕር ውሃ ጎድሎ ነበር። እንዳልኸኝ ጨው ሳልጨምር በዝናብ ውሃ ሞላሁት። ውስጡ ድንጋዩ ላይ ያለው የባሕር ፍጥረት እንደ አበባ ተከፍቷል፤ አትንካው።

ውሃው ይሸታል ብዬህ ነበር። አሁን አይሸትም።

የቀበሌው ሊቀመንበር አዳሙ ጠዋት ባልዲ ይዞ መጣ። «አያ ደሴ፣ ከብቶቼ ጨው ተርበዋል፤ ውሃ ደግሞ የሕዝብ ነው» አለኝ።

«የሕዝቡ ጣና አለልህ፤ ሂድና ቅዳ» አልሁት።

ትናንት አንተ «ይውሰዱት» ብለኸው ኖሯል።

ውሃው ከተቀዳ ዓሦቹ አይተርፉም። ቤቱም የእኔ ነው።

ቀበሌ ጠርቶኛል፤ እዚያም የምለው ይኸንኑ ነው። ሳልመለስ አዳሙ ባልዲውን ይዞ ቢመጣ አይሆንም በለው። ማለቱ ከከበደህ ይህን ወረቀት ስጠው።

ደሴ