አምስተኛ ረድፍ፣ መተላለፊያው ዳር፦ የጥርስ ሐኪሟ አክስታችን የሕይወት ታሪክ

አክስታችን ሰዓት ሠሪ ከነበሩት አባታቸውና የስልክ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ነበረች። በግድግዳዋ ላይ ለጥገና የመጡ ሰዓቶች ተደርድረው ይሰቀሉ ስለነበርና አንዱም ከሌላው ስለማይስማማ፣ ቤተሰቡ ሰዓት የሚጠይቀው ከጎረቤት ነበር። “ብዙ ሆነው ስለጮኹ ብቻ ልክ እንደማይሆኑ ያወቅሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው” ይሉ ነበር አክስታችን።

ትምህርታቸውን በሠፈራቸው በነበረው ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ሟች ዘወትር ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። አክስታችን አራተኛ ወይም አምስተኛ ነበር የሚወጡት። ይህንንም ደብቀን ብንጽፍ ከሁሉ በፊት የሚስቁብን እርሳቸው ይሆኑ ነበርና እንዳለ አስፍረነዋል።

በ1954 ዓ.ም. አባታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቴአትር ቤት ወሰዷቸው። የሚታየው ተውኔት በየዓመቱ የሚደገም የድሮ የነገሥታት ታሪክ ሲሆን፣ ተመልካቹ ተዋናዮቹ ሳይናገሩት ንግግሩን ይጨርስላቸው ነበር። ንጉሡ ሊሞቱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲቀራቸው አዳራሹ መሐረብ አወጣ። በዚህ መሃል የአሥር ዓመቷ ልጅ ወደ አባታቸው ዞረው፣ “አባባ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ከሆነ ለምን መጣን?” ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ፣ “ይቺን ልጅ ዝም አስብሏት፣ ልናለቅስ ነው እኮ!” አሉ። አክስታችን ቀሪ ዕድሜያቸውን ያንኑ ጥያቄ ለቴአትር ቤቱ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ቴአትር ቤቱም እስከ ዛሬ አልመለሰም።

በ1963 ዓ.ም. ከአገር ውጭ የትምህርት ዕድል አግኝተው የጥርስ ሕክምና ተምረዋል። በ1969 ዓ.ም. ተመልሰው በመንግሥት ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ካገለገሉ በኋላ፣ በ1978 ዓ.ም. የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። ክሊኒኩ ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ሲሆን መስኮቱ የሚያየው የቴአትር ቤቱን የጀርባ በር ነው። ቦታውን የመረጡት ርካሽ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ። ርካሽ አልነበረም።

በ1972 ዓ.ም. ከመሬት ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ደግ፣ ቁጥብ፣ አዳራሽ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ወዲያው እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሰው ነበሩ። አክስታችን ግን አዲስ ተውኔት በተመረቀ ቁጥር ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። “የእሱን እንቅልፍ የሚያሸንፍ ጽሑፍ ካለ ልየው” ይሉ ነበር። እኚህ ሰው እስከ መጨረሻው ነቅተው ያዩዋቸው ተውኔቶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ወንበራቸው የተሰበረበት ቀን የታየው ነው። በ2003 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አክስታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን አዲስ ተውኔት ለማየት ሄደው፣ ሲመለሱ፣ “እሱ ቢኖር ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ይነግረኝ ነበር፣ ሁለት ሰዓት አባከንኩ” አሉ። ካዘኑት ሐዘን ሁሉ ለሰው የነገሩት ይህን ብቻ ነው።

አክስታችን የቴአትር አፍቃሪ ነበሩ ተብሎ በጋዜጣ ተጽፏል። ይህ ስሕተት ነው። ቴአትር አፍቃሪ ማለት በቴአትር ቤቱ ቋንቋ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ አንዱን የቀልድ ተውኔት እያየ፣ ያንኑ ሱሪ ሲወልቅ እያየ፣ አሁንም የሚስቅ ሰው ነው። እርሳቸው ይህን ቀልድ አንድ ጊዜ፣ ያውም የተመረቀ ዕለት ካዩት በኋላ፣ “ሱሪው ጥሩ ተጫውቷል” ከማለት በቀር አስተያየት አልሰጡበትም። እርሳቸው የሚያዩት አዲስ የተጻፈ፣ ጸሐፊው በሕይወት ያለ፣ ማንም ንግግሩን አስቀድሞ የማይጨርሰውን ተውኔት ብቻ ነበር። ከእነዚህም አብዛኞቹን ንቀዋቸዋል። ንቀታቸው ግን የሰነፍ ንቀት አልነበረም፤ አንዱንም አቋርጠው አልወጡም። “ግማሽ የተነቀለ ጥርስ ትቼ አውቃለሁ?” ይሉ ነበር። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጋረጃው ያዩና የናቁበትን ምክንያት በቦታው ይናገራሉ። ወንድማማቾች መድረክ ላይ ተገናኝተው አንዱ “እንደምታውቀው እኔ ታላቅ ወንድምህ ነኝ” ሲል፣ ከአምስተኛው ረድፍ፣ “ካወቀ ለምን ትነግረዋለህ?” የሚል ድምፅ ይሰማል። አዳራሹ ይስቃል። በነጋታው ያ መስመር ከተውኔቱ ይወጣል። አመሰግናለሁ ያለ ጸሐፊ ግን አልነበረም።

ጸሐፍያኑ መልስ መስጠት የሚችሉበት ቦታ ብዙ ነበር፤ ሁሉም ግን ጥርስ ነበራቸው። በከተማው የታወቁት ባለ ሽልማቱ ጸሐፌ ተውኔት መንጋጋቸው አብጦ ክሊኒክ በመጡ ጊዜ የሆነውን፣ ረዳት ነርሷ ለቤተሰቡ ደጋግመው አጫውተዋል። አክስታችን መርፌውን ከወጉ በኋላ መብራቱን አስጠግተው፣ “ሁለተኛው ገቢር ላይ ልጅቷ ለምንድነው የሞተችው?” ብለው ጠየቁ።

“አ... አአ...” አሉ ባለ ሽልማቱ።

“አዎ፣ እኔም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም። ሦስተኛው ገቢር ላይ የምትሠራው ስላጣህላት ገደልካት። ተጉመጥመጥ።”

ባለ ሽልማቱ ዛሬ በመካከላችን ካሉ ይቅርታ አንጠይቃቸውም፤ መንጋጋቸው ድኗል፣ ተውኔታቸው ግን እንደታመመ ነው። የኪነ ጥበብ ዓምድ አዘጋጁንም በዚሁ አጋጣሚ እናነሣለን። እኚህ ሰው መብራት ጠፍቶ ለሌላ ሳምንት ስለተላለፈ ተውኔት “ተመልካቹን ያስደመመ ምሽት” ብለው የጻፉ ናቸው። አክስታችን ወንበሩ ላይ ባገኟቸው ጊዜ፣ “ይሄን አፍ መክፈት ሥራዬ ሆነ እንጂ ምኞቴስ ሌላ ነበር” አሏቸው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው አክስታችን ክፉ ነበሩ ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ላይ ብቻ እጃቸው አይፈታም ነበር፤ እርሱም ውዳሴ ነው። ሲያጨበጭቡ ያየ የለም። ከመጋረጃው በኋላ ሁሉ ሰው ሲቆም እርሳቸው ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ተውኔቱን ከወደዱት የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቲኬት ገዝተው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ ያችው አምስተኛ ረድፍ መተላለፊያው ዳር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በላይ ምስጋና አልነበራቸውም። ከተዋናይ እስከ መብራት ሠራተኛ ይህን ያውቅ ስለነበር፣ አዲስ ተውኔት በተመረቀ በሳምንቱ ከመጋረጃው ጀርባ የሚጠየቀው ጥያቄ “አዳራሹ ሞላ ወይ?” አልነበረም፤ “እትዬ ዶክተር ሁለተኛ መጡ ወይ?” ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ባዩት ተውኔት ሁሉ፣ ሁለተኛ የሄዱላቸው በሁለት እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ባለ ሽልማቱ ከእነዚህ ውስጥ የሉም።

ክሊኒኩን ለወጣት ሐኪም ካስረከቡ በኋላም ሰኞ ሰኞ እየገቡ ይሠሩ ነበር። የቀሩትን ቀናት የጣፊያ ሕመም ይወስድባቸው ጀመር። ሕመሙ ምን እንደሆነ ሐኪም ስለነበሩ ቀድመውን አውቀዋል፤ የነገሩን ግን ዘግይተው ነው።

ግንቦት 20 ቀን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የአንዲት ቆጣሪ አንባቢ የመጀመሪያ ተውኔት ተመረቀ። የቴአትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አዲስ ጸሐፊን የሚያስገቡት በማክሰኞ ነው፤ አክስታችን ማክሰኞን “የቴአትር ቤቱ ጓሮ” ይሉት ነበር። ይህች ወጣት ቀን ቀን በየቤቱ እየዞረች የመብራት ቆጣሪ ታነባለች። ተውኔቷም በአንድ ቤት እየኖሩ ለዓመታት ስለተኳረፉ ሁለት እህትማማቾች ነው። በወር አንድ ጊዜ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ብቻ በእርሱ በኩል ይነጋገራሉ፤ “ወንድም፣ ለዚያች ሴትዮ ጨው አልቋል በልልኝ” ትላለች አንዷ፣ ሴትዮዋ ከአጠገቧ ቆማ። አዳራሹ ሩቡ እንኳ አልሞላም ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት አልቆዩም።

አክስታችን ሲወጡ ጸሐፊዋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። አንድ ነገር ይሉኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ፊቷን ትኩር ብለው አይተው፣ “በግራ በኩል ነው የምታኝኪው፣ የቀኙ ታሟል። ሰኞ ነይ” ብለዋት አለፉ።

ሰኞ ሄደች። አክስታችን ጥርሷን እየሞሉ ሁለት ስሕተት ነገሯት። አንደኛው የወጥ ቤቱ በር ነው፤ ወደ ውስጥ ሲከፈት ተዋናይዋን ይሸፍናታል። ሁለተኛው በመጨረሻው ትዕይንት ያለው የታላቂቱ ልቅሶ ነው። “ረዘመ። ልቅሶ ሲረዝም ሰው ማዘኑን ትቶ መመልከት ይጀምራል። ከግማሹ በፊት ቁረጪው፣ መብራቱ ሳትጨርስ ይጥፋ።” ከዚያም መሣሪያቸውን አስቀምጠው ለማንም ያላሉትን አሉ፦ “ነገ እመጣለሁ።”

በነጋታው ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ገቡ።

ጸሐፊዋ ያን ቀን በሩን አስገልብጣ፣ ልቅሶውን ቆርጣ ጠበቀች። ተውኔቱ ሲጀመር ከመጋረጃው ጀርባ ወደ አምስተኛው ረድፍ አየች፤ መተላለፊያው ዳር ማንም አልነበረም። ስለ ሕመሙ ማንም አልነገራትም ነበርና፣ አስበው ተዉት ብላ ደመደመች። ይህን የሰሙት አክስታችን ከሕመማቸው ይልቅ በዚህ ተናደዱ። ሰኔ 4 ቀን፣ በሦስተኛው ማክሰኞ፣ ልብሴን አምጡልኝ አሉ። ሴት ልጃቸው፣ “እማዬ፣ የቴአትር ቤቱን ደረጃ እንዴት ትወጪዋለሽ?” ስትላቸው፣

“ተሸክማችሁኝ።”

“እንዴት ብለን?”

“ሰው የሚሸከመው ለቀብር ብቻ ነው እንዴ?” አሉ።

ሐኪሙ አልፈቀዱም። አክስታችን ዳግመኛ አልጠየቁም። ወንድ ልጃቸውን ግን፣ “ታማ ነው በላት፣ ሐሳቧን አልቀየረችም በላት” ብለው ወደ ጸሐፊዋ ላኩት። ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሆነው ዐረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ ደረሱን። ጥቁር ከረባት አስረው፣ ጥሩ መሐረብ ይዘው ነበር። “እኔም እናቴን ነው ያጣሁት” ካሉ በኋላ የቴአትር ቤቱን ውሳኔ ነገሩን። ለአክስታችን ክብር ሲባል የዛሬው ማክሰኞ ዝግ ይሆናል። አምስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ወንበራቸውም ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ለዘለቄታው ባዶ ይቀመጣል። “ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ማክሰኞም ያንን የእሁዱን ቀልድ እናሳያለን፤ ሕዝቡም ሐዘን ላይ ነውና ትንሽ ይሳቅ” አሉ። ቆጣሪ አንባቢዋ በዚያ ሰዓት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ተውኔቷ ሦስት ጊዜ ታይቶ በአክስታችን ስም ሲቀበር ሰማች። ሥራ አስኪያጁ አላወቋትም።

እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ከፊት ቆመው እንደሚሰሙ ስለምናውቅ፣ የቤተሰቡን መልስ እዚሁ እንሰጣለን።

አክስታችን በዕድሜያቸው አንድም ቀን ቴአትር ቤት እንዲዘጋላቸው አልጠየቁም፤ የጠየቁት እንዲከፈት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማምሻውን ለቅሶ ቤታችን ዝግ ነው። ቤተሰቡ ከዚህ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቴአትር ቤቱ ይሄዳል። ሊያጽናናን የሚፈልግ ሁሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ ያገኘናል፤ በሩ ተዘግቶ ካገኘነው ደረጃው ላይ ተቀምጠን ለቅሶ እንቀበላለን፤ የሚያልፍ ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቀንም ምክንያቱን እንነግረዋለን። ጥቁሩ ጨርቅ ይነሣ። ባዶ ወንበር አይሰማም፣ አያይም፣ አይንቅም። ወንበሩ ይሸጥ፤ የሚገዛውም ሰው ካልወደደው አያጨብጭብ።

አክስታችን ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ታናሽ ወንድምንና ከልጅ የማያንሱ የወንድምና የእህት ልጆችን ትተው አልፈዋል። ወደ ቆጣሪ አንባቢዋ ተውኔት ያልፈጸሙትን የሁለተኛ ጊዜ ጉዞ እነዚህ ሁሉ ይፈጽሙላቸዋል።

ልቅሶ ሲረዝም የሚሆነውን ስለነገሩን፣ እኛም እዚህ ላይ እናቆማለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቀብሎ መልካም ሥፍራ ይስጥልን፤ ዘላለሙንም እንዳይሰለቻቸው አድርጎ ያሰናዳላቸው። ተውኔቱ ሲጀመር በሩ ይዘጋልና እባካችሁ አትዘግዩ።