ሳልጠይቅ የነቀልኩት ገመድ

ውድ አባቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? ያ በየማለዳው የሚያስቸግርዎ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም እንደተጣበቀ ነው? ይህን ጽሑፍ ራስዎ እያነበቡት ነው ወይስ መነጽሩ ዛሬም ጠፍቶ እህቴ እየፈለገችልዎት ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? እኔ እግዜር ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ ቆሜም እሄዳለሁ። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም።

ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ እንደተቀየሙኝ እህቴ በስልክ ነግራኛለች። ልክ ነዎት። ሠላሳ ዓመት የደከሙበት የወፍጮ ሞተር ጆሮዎን ይዞት ስለሄደ ስልክ ለእኔና ለእርስዎ አይሆነንም። በእህቴ አፍ እንዳልነግርዎት ደግሞ ነገሩ የራሴ ነው፤ ከእኔው እጅ እንዲደርስዎት ፈለግሁ። ስንቴ ልጽፍ ተቀምጬ «ውድ አባቴ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን አጣጥፌ ተነስቻለሁ። ዛሬ ሁለቱም ጄኔሬተሮች ያለ ጭቅጭቅ እየሠሩ ነው። ከሰዓቱን በባዶ በርሜል ላይ ተቀምጬ እጽፍልዎታለሁ። ጠርዙ ላይ የሚያዩት ጥቁር አሻራ የሞተር ዘይት ነው፤ ከእርስዎ ቤት አዲስ አይደለም።

መቼም ሥራዬን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ልዩነቱ የእኔ ሞተር እግር ማውጣቱ ነው። ጦሩ በሰፈረበት ሁሉ በተሳቢ የሚጎተቱ ሁለት ጄኔሬተሮች ይዘን እንከተላለን። ትልቁ የቀዶ ሕክምናውን ድንኳን፣ የመድኃኒት ማቀዝቀዣውንና የውሃ ፓምፑን ይይዛል። ትንሹ ሬዲዮውን፣ የአዛዡን ድንኳንና የባትሪ መሙያውን። ጦሩ ሲነሳ ገመድ እንጠቀልላለን፣ ሲያርፍ እንዘረጋለን፤ ገና ዘርግተን ሳንጨርስ ደግሞ «ተነሱ» እንባላለን። እርስዎ ያወጡልኝን ስም እዚህ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም «መብራቱ» ነው የሚለኝ። ምግብ አብሳዩ አንድ አምፖል ጨምርልኝ እያለ ይነዘንዘኛል፣ ወታደሩ ስልኬን ሙላልኝ ብሎ ይለማመጠኛል፣ መኮንኑ ማራገቢያዬ ቆመ ብሎ ይጮህብኛል። መብራት ሲኖር ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም፤ ሲጠፋ ግን ስሜን የማይጠራ የለም።

ከሚመላለሱብኝ ሁሉ የምወደው ቀጮ የምንለውን ነበር። ከፊታችን ባለው ኮረብታ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አካባቢውን የሚቃኝ ወታደር ነው። በየማለዳው ያለቁ የሬዲዮ ባትሪዎች በጀርባው ተሸክሞ ይወርድና የተሞሉትን ይዞ ይወጣል። ንፋስ እንዳይወስደው ብለን ነው ባትሪ የምናሸክመው እያልን እንስቅበት ነበር፤ እሱም ከእኛ ጋር ይስቃል።

የሆነው እንዲህ ነው። የትልቁ ጄኔሬተር የራዲያተር ቱቦ ከተሰነጠቀ ሰንብቷል። መለዋወጫ ላኩልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ይመጣል» ተባልኩ። እስኪመጣ ከአሮጌ ጎማ ውስጥ ባወጣሁት ከመነዳሪ ጠፍሬ አሠራው ነበር። ቢያዩት እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ግን ምን ላድርግ? ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኩለ ቀን ላይ ሦስት ቁስለኞች ገቡና ዶክተሯ የመጀመሪያውን ሆዱን ከፍታ መሥራት ጀመረች። ብዙ ሳይቆይ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠብኝ። ሮጬ ስደርስ ቱቦው ፈንድቶ የፈላው ውሃ መሬት ላይ ይንዠቀዠቃል። ትንሽ ብዘገይ ሞተሩ መቃጠሉ ነው። አጠፋሁት።

«መብራቱ! ሰውየው ክፍት ነው! የደም መምጠጫው ቆሟል!» አለች ዶክተሯ ከውስጥ። ረዳቷ በአፉ የእጅ ባትሪ ነክሶ ሲያበራላት በመጋረጃው ክፍተት አየሁት።

ትንሹ ጄኔሬተር ሁለቱን መስመር ባንዴ አይሸከምም። አንዱን ለመሰካት ሌላውን መንቀል ነበረብኝ። በደንባችን ሬዲዮው ምንጊዜም የተሞላ መጠባበቂያ ባትሪ ከአጠገቡ አይለየውም። ደንቡን አመንኩ። የሬዲዮው ድንኳን ከቆምኩበት ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እዚያው ሆኜ ጮክ ብዬ «ባትሪ አላችሁ?» ብል እንኳ ይሰሙኝ ነበር። አልጠየቅኩም አባባ። የሬዲዮውንና የአዛዡን ገመድ ከማከፋፈያው ሳጥን ነቅዬ የሕክምናውን ሰካሁ። ድንኳኑ ቦግ አለ። ዶክተሯ «ጎሽ!» ስትል ሰማሁ፤ ቃሏ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር የገባኝ።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ወሬ የማይደክመው የሬዲዮ ሠራተኛ አለን፣ አፈ ጉባኤ ነው የምንለው፤ እሱ ከድንኳኑ ወጥቶ እየሮጠ መጣ። «ምን አደረግህ? ኮረብታውን እኮ እያናገርኩ ነበር!» አለኝ። «መጠባበቂያውስ?» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ጠዋት ከቀጮ ባትሪዎች አንዱ አልሞላ ስላለ የራሱን መጠባበቂያ አንስቶ ሰጥቶታል። ለእኔ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በዚያች ሰዓት አዛዡ ለኮረብታው ሊያስተላልፍ የነበረው ትእዛዝ «አሁኑኑ ውረዱ» የሚል ነበር።

ከአንድ መኪና ላይ ባትሪ ፈትቼ ለሬዲዮው እስክገጥም አስራ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ነበር፤ ያን ቀን መፍቻው ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። መስመሩ ተመለሰና ትእዛዙ ደረሳቸው። ወዲያው መውረድ ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ የመድፍ ጥይት አጠገባቸው ወደቀ። ሁለቱ ተረፉ። ቀጮን በቃሬዛ አመጡት፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሚተርፍ አልነበረም። ዶክተሯ ያንኑ ቀን ቆረጠችው። እኔ ከትንሹ ጄኔሬተር ጎን ቆሜ ውሃውንና ናፍጣውን ደጋግሜ ከማየት በቀር የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

አጣሪዎች መጥተው ሁለት ቀን ጠየቁኝ። የፈነዳውን ቱቦ አዩ፣ የጻፍኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች አነበቡ፤ ጥፋት አላገኙብኝም። አዛዡ ራሱ ጠርቶ «የሰው ሆድ ክፍት ሆኖ ሳለ ሌላ ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ። ትእዛዙ በሰዓቱ ቢደርሳቸው ኖሮ የቀጮ እግር ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቅንቆ «ምናልባት» አለ። ያቺን «ምናልባት» ይዤ ወደ ጄኔሬተሮቹ ተመለስኩ። አዲሱ ቱቦ በሳምንቱ መጣ። ሦስት ነው የላኩት፤ ለያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ አንድ መሆኑ ነው።

ቀጮ ከግንባሩ ኋላ ወዳለው ሆስፒታል እስኪወሰድ ዘጠኝ ቀን እኛው ዘንድ ተኛ። አምስቱን ቀን በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞርኩ። በስድስተኛው ገባሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ያቺን ያልተራመድኳትን ሠላሳ እርምጃ ሁሉ። የድንኳኑን ጣሪያ እያየ ሰማኝ። ስጨርስ «ያን ጊዜ አልጋው ላይ የነበረው ማነው?» አለ። የጭነት መኪና ሹፌር እንደሆነ፣ እንደተረፈ፣ እዚያው ሦስተኛው አልጋ ላይ እንደተኛ ነገርኩት። ወደዚያ ዞር ሊል ጀምሮ ተወው። «የመጣኸው ልብህ እንዲቀልልህ ከሆነ፣ እኔ ዛሬ ላንተ የሚሆን ነገር የለኝም። ሂድ» አለኝ። ወጣሁ። ምን እንዲለኝ ጠብቄ ነበር?

አምቡላንሱ በመጣበት ጠዋት አፈ ጉባኤ መጥቶ «ይጠራሃል» አለኝ። ቀጮ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ኮረብታው ላይ እያለ እያንዳንዱ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በእጁ የጻፈበት ነው። «በእኔ ቦታ ለሚወጣው ስጠው» አለኝ። «ሦስተኛው ባትሪ ውሸታም ነው፤ ሙሉ ነኝ እያለ ነው የሚሞት፣ እንዳያምነው በለው።» ተቀበልኩት። ቃሬዛውን ሲያነሱት «አንተም ጠይቅ፣ እሺ?» አለኝ። «እሺ» አልኩ። በሩ ተዘጋና መኪናው ሄደ።

ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ እንዲህ ነው ብዬ ለራሴም አልተረጎምኩትም። ወረቀቱን ለአዲሱ ሰው ሰጥቻለሁ። ነገ ደግሞ ሰፈር እንለቃለን ተብሏል፤ ገመዱ ሁሉ ገና አልተጠቀለለም። አባባ፣ እንደ ልጅዎ አይፍረዱብኝ። ሞተረኛ ለሞተረኛ እንደሚናገረው አድርገው የመሰለዎትን ይጻፉልኝ። ቁጣም ቢሆን ከእርስዎ እጅ ይምጣልኝ፤ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አይዞህ እያለ ነው ያደከመኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። የቀጮን እግር ነገር አያንብቡላት፤ ለምን አታገባም ብላ ከጠየቀች ጄኔሬተሮቹ ቀናተኛ ናቸው ብሏል ይበሏት። እህቴን ስለ ላከችልኝ ካልሲ ያመስግኑልኝ፤ አንዱ ከሌላው ቢረዝምም ሁለቱም ይሞቃሉ። ልጇን፣ የእኔን ጉደኛ፣ ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጥርሷ መነቀሉን ሰምቻለሁ። አጎቴን እግሩን ውሃ ውስጥ ይንከር፣ ሐኪሙንም ይስማ ይበሉልኝ። ወፍጮውን ለተረከበዎት ጎረቤታችን ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ሲላላ ሳይውል ሳያድር ይቀይረው።

የሚያከብርዎ ልጅዎ

ከጦር ሰፈሩ፣ ከጄኔሬተሮቹ ጎን
ግንቦት 17 ቀን