በሐሰን ስም ለተቀበርከው ለባሌ ለደሳለኝ

ደሴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጀምርም፤ የከረምክበትን አውቀዋለሁ። ባሕር ተሻግረህ የመን ከዘመትክ አሥር ክረምት ሆነህ፤ ከሞትክ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ስምህን ከሞት ጋር አንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ስለምፈራ ነው። ዛሬ ግን ይኸው ጻፍኩት። በሐሰን ስም ዘምተህ፣ በሐሰን ስም ሞተህ፣ በሐሰን ስም የተቀበርክ የኔ ባል ደሳለኝ።

ነገሩን ብታውቀውም ከመጀመሪያው ልንገርህ። ለማንም በአግባቡ ነግሬው ስለማላውቅ አንድ ጊዜ ከሆዴ ይውጣልኝ።

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልደህ፣ ዓረብኛውን ከባለአገሩ አስበልጠህ እያወቅህ፣ ወረቀት ግን አልነበረህም። የስደተኛ ልጅ ስደተኛ ነው ተባልክ። ክረምት ቁረይሻ እርሻ ወርደህ ታርማለህ፣ ሲበራ ሰሊጥ ታጭዳለህ፣ እሱ ሲያልቅ እዚህ ከተማ የማሽላ ጆንያ ትሸከማለህ። ከአጥር ማዶ ያለው ሐሰን ግን ጂንሲያ ነበረው። ያቺን የዜግነት ወረቀት እናቱ ሐጃ ነፊሳ በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባት ነበር። አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። አንተ ረመዳንን አብረኸው ትጾማለህ፣ እሱ ደግሞ በዓቢይ ጾም እኛ ቤት ሽሮ ይበላል፤ አባ፣ የንስሐ አባታችን፣ ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ ስልህ ሁለታችሁም ትስቁብኝ ነበር።

ሐሰን የመን ለሚሄደው ጦር ተመዘገበና ስሙ ሲጠራ አልሄድም አለ። ሐጃ ልጄን አልሰጥም ብለው ደጃፉ ላይ ተኙ። የቀረ ይታሰራል ተባለ። ይሄኔ አንተ መሃል ገባህ። ወረቀቱን ስጠኝና ልሂድልህ፣ ሁለታችንም ጠይምና ቀጫጫ ነን፣ ማን ይለየናል አልከው። እየሳቅህ ነበር እኮ! እኔ የሁለት ወር እርጉዝ ነኝ፣ አንተ ትስቃለህ። ስትመለስ በደሞዙ ባለ ቆርቆሮ ቤት እንደምትሠራልን፣ ልጃችን በሣር ዳስ ውስጥ እንደማታድግ ነገርከኝ። ሰደብኩህ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩህ። ከቀሩን ጥቂት ቀኖች አንዱን በኩርፊያ ማባከኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሳውዲ ለሥራ ሄደ አልን። ሐሰን ከሰው ዓይን ተሰውሮ ቁረይሻ እርሻ ላይ ተደበቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያ ወረቀት አንተን ይዞ ቀረ።

በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ባለ ሐዘኑ ከደጅ ሳይወጣ ተደርሶ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ከጎን ቆሞ ነው። ያንተ መርዶ በቀትር በወታደር መኪና መጣ፤ የመጣውም ለእኔ አልነበረም። ልብስ እያሰጣሁ ነበር። መኪናው ሐጃ ደጃፍ ቆመ፣ ሁለት መኮንኖች ገቡ፣ ትንሽ ቆይቶ ሐጃ «ሐሰን! ልጄ ሐሰን!» ብለው ጮኹ። ሐሰን በዚያ ሰዓት ሌሊቱን ከቁረይሻ መጥቶ ከጓዳቸው ተደብቆ ነበር፤ በዚያው ጠዋት በአጥሩ ላይ ሰላም ብሎኛል። ስለዚህ ገባኝ። ሐሰን ሞተ ሲባል ባሌ መሞቱን ተረዳሁ።

እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ሐጃ ሲያዩኝ ድምፃቸው ቆረጥ አለ። ከዚያ መኮንኖቹ እንዳይጠረጥሩ፣ ፊት ለፊት እያዩኝ፣ እንደገና ልጄ ሐሰን ብለው ጮኹ። አፋቸው የልጃቸውን ስም ይጠራል፣ ዓይናቸው እኔን ይቅርታ ይለምናል።

ድንኳን ተተከለ። ሦስት ቀን ወንዶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው የፋቲሃ ጸሎት አደረሱ፣ ሴቶቹ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሬሳህም አልመጣም፤ እዚያው የመን ባሕሩ ዳርቻ ቀብረነዋል፣ ሰማዕት ነው አሉ መኮንኖቹ። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ውሃ አቀርባለሁ፣ ብርጭቆ አጥባለሁ። የሰባት ወር ሆዴን ይዤ ስንበረከክ ሴቶቹ ተይ አንቺ፣ ይበቃሻል ይሉኛል። በሁለተኛው ቀን አልቻልኩም። ስምህ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ «ደ» ስል ሐጃ ወደ ደረታቸው ጎትተው አፌን በተከናነቡት ቶብ አፈኑት። ቶቡን ሲለቁልኝ እኔም እንደ ሌላው ሐሰን፣ ሐሰን እያልኩ አለቀስኩህ። የሰፈራችን ሴቶች ለጎረቤቷ እንዲህ ታለቅሳለች፣ እንዴት ያለች ደግ ናት ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ደሴ፣ የገዛ ባሌን በሰው ስም አለቀስኩት። ሞት ለማንም አይቀርም፤ ሰው ግን በስሙ ይለቀሳል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እናትና አባትህ ቀድመውህ ማረፋቸውን ያን ጊዜ እንደ ጸጋ ቆጠርኩት።

ሳውዲ ሞተ ብዬ ብዋሽስ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ሳውዲ የሰፈሩ ልጆች ሞልተዋል፤ የት ሞተ፣ ማን ቀበረው እያሉ ይጠይቃሉ። ክሩ ተስቦ ተስቦ ሐሰን ጓዳ ይደርሳል፣ አንተ የተሻገርክለት ልጅ ይታሰራል። ዋጥኩት። ጥቁር እንኳ መልበስ አልቻልኩም፤ ባሏ ሳውዲ ያለ ሴት ለማን ብላ ከል ትለብሳለች? የውስጥ ቀሚሴን ብቻ ጥቁር ነክሬ፣ ከላይ ባለ አበባውን ቶብ አጣፍቼ ገበያ እወጣ ነበር።

ለአባ በንስሐ ነገርኳቸው። በማን ስም እንደተቀበርክ፣ ምን ጸሎት እንደተደረሰብህ ስነግራቸው አበስኩ ገበርኩ ይሉኛል ብዬ ተሸማቅቄ ነበር። እሳቸው ግን የክርስትና ስሙ ማነው አሉኝ። ወልደ ሚካኤል አልኳቸው። በአርባህ ፍታትህን አደረሱልህ፤ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ጸሎቱ ለማን እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። እግዜር ዘንድስ ስምህ ደርሷል። የጎደለው እዚህ፣ ሰው ዘንድ ነው።

በዓመቱ ገደማ አንድ የጦር ጓደኛህ በክራንች እየሄደ ከኒው ሀልፋ ከተማ መጣ፤ የሐሰንን እናት ለማጽናናት ነው የመጣው። ሻይ አቅርቤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የተቀበረ ፈንጂ እንደመታህ፣ ቶሎም እንዳልሞትክ ነገራቸው። በመጨረሻ ዓረብኛውን ትቶ በማናውቀው ቋንቋ ብዙ ተናገረ፣ ራሱን ስቶ ነው አልን አለ። ምን እንዳልክ አላውቅም። አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው አጠገብህ አልነበረም። «ብዙ ተናገረ» ያለው ነገር ነው አንጀቴን የሚበላው። አንድ ቃል ቢሆን እናቱን ጠርቶ ይሆናል ብዬ እተወው ነበር።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። ጣራው አሁንም ሣር ነው። እኔ መንገድ ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ከካርቱም በጦርነቱ የሸሸው ሰው ከተማውን ሞልቶት የማኅደር ትምህርት ቤት ለብዙ ጊዜ የተፈናቃይ መኖሪያ ሆኖ ነበር። ማኅደር ልጅህ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጆሮዋ ያንተ ነው፣ ግትርነቷ ያንተ ነው፣ የኔ የሚባል ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። አባትሽ ሳውዲ ነው ብዬ አሳደግኳት። ትንሽ ሳለች ከሳውዲ የሚመለስ ሰው በሰማች ቁጥር ሮጣ ሄዳ ፊቱን ታይ ነበር። አድጋ ስትተው የባሰ አመመኝ።

ሐሰን ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ሙት ሆኖ ኖረ። አላገባም፤ ለሙት ልጁን የሚሰጥ የለም። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ በየኬላው ወረቀት ይጠየቃል፣ ወረቀት የሌለው ወንድ ሰላይ ነው ይባላል። ባለፈው የካቲት ከቁረይሻ ሲመለስ ያዙት። በሰባተኛው ቀን ሁለት ጥርሱን አጥቶ ወጣ። ሁለተኛ ከተያዘ እንደማይመለስ ሁላችንም አወቅን።

የዜግነት ቢሮ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ሐሰንን ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው አሉት። ወረቀቴን ለወዳጄ ሰጠሁ ካልክ ወንጀለኛ ነህ፤ የማላውቀው ሰው ሰርቆኝ በስሜ ዘመተ ብለህ ከማልክ ግን ሌባው ሞቷል፣ የሞተ ሌባ የሚፈልግ የለም አሉት። ሐሰን እናቱን አስከትሎ ቤቴ መጣ። «አንቺ እምቢ ካልሽ ሙት ሆኜ እኖራለሁ» ብሎ መሬት መሬት አየ።

ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? ብርጭቆውን ከግድግዳ አላተምኩት። ነፍሱን የሰጠህን ሰው ሌባ ልትለው ነው ወይ አልኩት። እስካሁን በመዝገብ ሰማዕት ነበርክ፤ ስሙ የሐሰን ቢሆንም ክብሩ ያንተ ነበር። ሐሰን ከሞት ሲነሣ መቃብርህ የማይታወቅ ሌባ መቃብር ሊሆን ነው። ሦስት ቀን ደጃፋቸውን አልረገጥኩም። ሐጃም አልለመኑኝም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እያሉ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩት ሴትዮ፣ አጥሩ ጥግ ቆመው ያዩኛል። በእሳቸው ተናድጄ፣ በአንተም ተናድጄ፣ አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የሞትክለት ልጅ ኬላ ላይ ቢገደል ለምን ሞትክ?

በአራተኛው ቀን ሄጄ ማል አልኩት። ለመንግሥት ሌባ ይሁን። ለልጁ ግን እውነቱን የምትነግራት አንተ ነህ፤ በወጋችን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከሽማግሌ ጋር መጥተህ። ማለ፣ ፈረመ፣ ባለፈው ሳምንት በሕይወት አለ የሚል ወረቀት ተሰጠው። ይቅር በለኝ ደሴ። ሳላማክርህ ክብርህን አሳልፌ ሰጠሁ።

መርዶው ዛሬ ጠዋት ተነገረ። ጎህ ሳይቀድ አባ መጡ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ መጡ፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች መጡ፣ ሐሰንም ነጭ ለብሶ ከኋላቸው ገባ። የወረቀቱ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ፣ ለሰፈሩ የመን ዘምቶ ሞተ ብቻ እንዲባል ተስማማን። ማኅደርን ቀስቅሼ እጇን ያዝኩ። ሐሰን ተንበረከከና በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «አባትሽ ሞቷል። እኔ መሄድ ነበረብኝ፣ እሱ ሄደልኝ። በኔ ስም ሞተ» አላት። 

ልጅህ ወዲያው አላለቀሰችም። ፊቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ዋሸሽኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱንም አላለችም። እጇን ከእጄ አላቅቃ ባዶ እግሯን ወጣችና ግቢው መሃል ቆማ፣ ሰማዩ ገና ሳይገለጥ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ «አባቴ! ደሳለኝ! ደሳለኝ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ዘነቡ ተቀበሏት። እኔም ተከተልኩ፤ ከጉሮሮዬ የወጣው ድምፅ የኔ አልመሰለኝም፣ ስሙ ግን ያንተ ነበር።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ በሩ ተከፈተ። ልጃቸውን በቁሙ ያለቀሱት ሐጃ ነፊሳ፣ ቶባቸውን እንኳ ሳይከናነቡ፣ በዚያ በሽበታቸው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። «ደሳለኝ! ወለዲ ደሳለኝ!» ይላሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሱዳኑም ሐበሻውም በየደጁ ወጣ። ማን እንደሞተ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ልነሣ፣ ለቅሶ ደራሽ እየመጣ ነው። ይህን ደብዳቤ ለማኅደር አስቀምጥላታለሁ። ማን ሞተብሽ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ዛሬም፣ በየሙት ዓመትህም፣ አርጅቼ የሰው ፊት መለየት ሲያቅተኝም፣ ባሌ ደሳለኝ ብዬ እመልስለታለሁ። አፈሩ ይቅለልህ።

ሚስትህ ሙሉነሽ